ከአራት አገር የተለቃቀመ ሞተር

መጀመሪያ ላብ ነበር የመሰለኝ። መካኒኩ ጋሼ ሞተሩን አውርደው ጎማ ላይ አስቀመጡትና አንዱን ጥግ በጨርቅ ጠረጉት። ወዛ። ደግመው ጠረጉት። ደግሞ ወዛ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፤ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ብረቱን እየዳበሱ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይኸውልሽ ዶክተርዬ።»

ከሦስተኛው ሲሊንደር ኋላ፣ ወደ ካምቢዮው፣ ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ በሚዞረው በኩል፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ።

ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ 1300። አባቴ በ1965 ዓ.ም. ሁለተኛ እጅ ገዝቷት እስኪያርፍ ድረስ ሌላ መኪና አልነዳም። ቤታችን ውስጥ «ልጅቷ» ነበር የምትባለው። እኔ «ትንሿ» ነበርኩ። ልጅቷ ታመመች ሲባል ቤቱ ይጨነቃል፣ ትንሿ ስትታመም ግን ዳማከሴ ነው። ቂም አልያዝኩም።

አባቴ አንድ ልማድ ነበረው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሲወጣ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ሲደርስ ዳር ይዞ ይቆማል። የኋላውን ኮፈን ይከፍታል። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ በሁለት ጣቱ ይይዛታል። ከያዛት በሰላም እንቀጥላለን። «እፍ!» ብሎ ከለቀቃት ሻይ እንጠጣለን፣ ሞተሩ እስኪበርድ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በአየርና በዘይቷ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ትኩሳቷን ይናገራል። አባቴ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ሻዩን ነበር የምወደው።

ስንጥቁን ያየሁ ዕለት ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንዱን የጓደኛዬ ባል በኤሌክትሪክ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ነገረኝ፤ «ሽጫት። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከልክሏል። አንቺ አሁን የነዳጅ ሞተር ልትሠሪ ነው?» እውነቱን ነው። ሁለተኛውን አማራጭ ጋሼ ነገሩኝ። «ሙሉ ሞተር አታገኚም። ካገኘሽም የሰው በሽታ ነው የምትገዢው። እንልቀም።»

ለቀምን።

የቮልስ ሞተር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍትና ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት የሚቀመጡበት ቅርፊት፣ መካኒኮቹ ካርተር የሚሉት፣ እንደ ባቄላ ለሁለት ይከፈላል። አራቱ ካሚቻዎች፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች፣ ደግሞ አንድ ላይ የተበየዱ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይገባሉ፣ ለብቻቸው ይወጣሉ። በላያቸው እንደ ክዳን ሁለት ቴስታታ፣ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ፋብሪካው 1300፣ 1500 እና 1600 የሚላቸው ሦስት ሞተሮች የፒስተን ጉዟቸው እኩል 69 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያዩት በውፍረት ነው፤ 77፣ 83 እና 85.5። ክራንክ ሻፍታቸው ይወራረሳል ማለት ነው።

ደግሞ ዕቃው አላለቀም። ይህች መኪና በጀርመን ብቻ ሳይሆን በብራዚልም በሜክሲኮም ተሠርታለች። የመጨረሻዋ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። በጠቅላላው 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ቮልስ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ሞተር መርካቶ ቢደርስ ምን ይገርማል?

ካርተሩን ምናለሽ ተራ አገኘነው። ብራዚል የተሠራ፣ የ1600። ከተፈታ ኮምቢ፣ ከቮልስ ሚኒባስ፣ የወጣ ነው። ውስጡ አራት ቢየላ፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ አብሮት ነበር። ክራንክ ሻፍቱ ግን የለም። ሻጩን «የት ሄደ?» ስለው፣ «እህቴ፣ ብረት ነው፣ ይሄዳል» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ምክር። ካርተር የምትገዙ ከሆነ ወረቀቱን አብራችሁ ጠይቁ። የሞተር ቁጥሩ የሚቀረጸው እዚያው ካርተሩ ላይ ነው፣ ከጄኔሬተሩ ማስቀመጫ ሥር። ቁጥሩ ሊብሬያችሁ ላይ አለ። ካርተር ቀየራችሁ ማለት በመንግሥት ዓይን ሞተር ቀየራችሁ ማለት ነው። የኮምቢዋ ባለቤት የሽያጭ ውልና የሊብሬ ኮፒ ነበራቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ቁጥሩን ለማስለወጥ ያየሁትን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። አሁን ደም ግፊቴ ደህና ነው፣ እንዲሁ ይቆይ።

ክራንክ ሻፍቱ የአባቴ ሆነ። ጀርመን ነው። ሬቲፊካ ቤት ወስደነው ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት ሚሊ ሜትር ተላጨ። ካሚቻና ፒስተኑ አዲስ፣ 85.5፣ እሱም ብራዚል። አንዱ ቴስታታ ጀርመን፣ ሶማሌ ተራ ከሦስተኛው ሱቅ። ሌላው ቴስታታ ብራዚል፣ እዚያው ሶማሌ ተራ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከአሥራ አንደኛው ሱቅ። ካርቡራተሩ 34 ሶሌክስ፣ ሜክሲኮ ነው። አራተኛዋን አገር ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ዕቃው ተሰብስቦ ጋሼ ጋራዥ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ደስ አለኝ። ጋሼን ግን ደስ አላላቸውም። «አሁን እኮ ጠላቶች ናቸው» አሉ። «አንዱ ሌላውን አያውቀውም።»

ሥራው እዚህ ጋ ነው። አንድ ፋብሪካ አብሮ የሠራው ሞተር ልኩን ይዞ ይወጣል። የተለቃቀመ ሞተር ልኩን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። እና መለካት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሚሊ ግራም ነው የምቆጥረው።

ጋሼና እኔ የተጣላነው በዚህ ነው። እሳቸው አርባ ዓመት በእጃቸውና በጆሯቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ቢየላዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው መዘኑና «እኩል ናቸው» አሉ። በማግስቱ የራሴን ዲጂታል ሚዛን ይዤ መጣሁ። 584፣ 586፣ 597፣ 599 ግራም። ጋሼ ሚዛኑን አዩት፣ ቢየላውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ሚዛኑ ቻይና ነው?» አሉ።

የፋብሪካው መጽሐፍ ከከባዱ እስከ ቀላሉ ከ10 ግራም በላይ እንዳይበልጥ ይላል። የእኛ 15 ነው። ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ከሁለት ሞተር ለቃቅሞ ኖሯል! ቅያሜ አልተሰማኝም፣ እንዲያውም ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለቱ ከባዶች ከታች በኩል ወፈር ያለ ሥጋ አላቸው፣ ፋብሪካው ራሱ ለሚዛን ብሎ የተወው። የጋሼ ረዳት፣ አንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ አራት ቀን ሙሉ ሞረዳቸው። ትንሽ ይሞርድና ይመዝናል። ይሞርድና ይመዝናል። በአራተኛው ቀን አራቱም በ2 ግራም ውስጥ ገቡ። ልጁ ከዚያ ወዲህ የሻዩን ስኳር ሳይቀር መመዘን ጀምሯል።

ቴስታታዎቹ ባሱ። ቫልቮቹ ያሉበት ጎድጓዳ፣ ነዳጁ የሚቃጠልበት ቦታ፣ አራቱም እኩል ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። ካልሆነ አንዱ ሲሊንደር አብዝቶ ይጨምቃል፣ ሌላው ያንሳል፣ ሞተሩ እንደ አነከሰ ሰው ይሄዳል። እንዴት ይለካል? ውኃ ሞልቶ ነው። ጎድጓዳው ላይ ቀዳዳ ያለው መስታወት መሰል ፕላስቲክ በግሪስ ታለጥፋላችሁ። ከዚያ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እስኪሞላ ትወጋላችሁ። የወጋችሁት መጠን ስፋቱ ነው። እኔ ውኃ አልተጠቀምኩም፣ ያዛገዋል ብዬ አልኮል ተጠቀምኩ። አልኮል ግን አይታይም። የአየር አረፋ ቢቀር አታውቁም። ጂቪ ጠብ አደረግሁበት።

አዎ፣ የሕፃናት አፍ የሚቀባው ያው ሐምራዊው ጂቪ። ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ያልቀለመ ነገር አልቀረም። የጋሼ ጣቶች፣ የእኔ ጋዋን፣ የልጁ አፍንጫ። የልጁ አፍንጫ እንዴት እንደደረሰበት እስካሁን አልገባኝም። ግን አረፋው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የጀርመኑ ቴስታታ ሁለቱም ጎድጓዳ 51 ሚሊ ሊትር። የብራዚሉ አንዱ 48፣ ሌላው 48 ተኩል። ጋሼ ራሳቸው ሊያጠቡት ተቀመጡ፤ በትንሽ መሞረጃ፣ እየሞረዱ፣ እኔ እየወጋሁ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አራቱም 51 ሆኑ። ጋሼ ያኔ ነው የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት፤ «ይሄ ሲሪንጅሽ ስንት ነው?»

አሁን አራተኛዋ አገር።

የብራዚሉ ካርተር በአንድ ጎኑ ቀደም ሲል ተላጭቷል። ፒስተኑ ወደ ላይ ጫፍ ሲደርስ ከካሚቻው አፍ ስንት እንደሚቀረው ስንለካ በግራ በኩል 1.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ መልካም። በቀኝ 0.8። ይህ ጠባብ ነው። ሞተር ሲግል ይለጠጣል፣ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊሳም ይችላል፤ እንዲህ ያለ መሳሳም ደግሞ መጨረሻው አያምርም። መፍትሔው ከሁለቱ የቀኝ ካሚቻዎች ሥር የግማሽ ሚሊ ሜትር ቀለበት ማስገባት ነው። ውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል። እዚህ የለም።

ቶርኖ ቤት ሄድን። ቶርኖው ስስ ነገር አይወድም። ሊያዝ ሲል ተጨማደደ። ሁለተኛውም ተጨማደደ። ባለ ቶርኖው ወንድም «እህቴ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ የወርቅ ሠሪ ሥራ ነው» አለኝ። ለማሾፍ ነበር ያለው።

ፒያሳ ሄድኩ።

አንድ የማውቃቸው ወርቅ ሠሪ አሉ። የእናቴን ሃብል የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጠፍጣፋ የመዳብ ቆርቆሮና ልኩን የሣልኩበት ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አገላበጡት። «ለማን ጣት ነው?» አሉ። የአንዱ ቀለበት ዲያሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለመኪና ሞተር መሆኑን ከነገርኳቸው በኋላ አልሳቁም። መዳቡን በእሳት አግለው ውኃ ውስጥ ነከሩት። መዳብ ከብረት ይለያል፤ አግላችሁ ውኃ ብትነክሩት ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም። ከዚያ ልክ እንደ ፀጉር የቀጠነች መጋዛቸውን ወጥረው፣ ቆርቆሮውን ጉልበታቸው አጠገብ ካለችው እንጨት ላይ አስደግፈው ጀመሩ። የቆርቆሮው ዱቄት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጭናቸው ላይ በተዘረጋው ቆዳ ላይ ይጠራቀማል። ልማድ ሆኖባቸው እሱን እንኳን ጠርገው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። አሁንም አለኝ። ሁለት ቀለበት፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ማይክሮ ሜትሬን አውጥቼ ስምንት ቦታ ለካሁ። ሁሉም ቦታ 0.50። ጋሼ እጃቸው ላይ አጥልቀው እንደ አምባር አዩትና «ይህችን መኪና ልትድሪያት ነው» አሉ።

ቀለበቶቹ ከገቡ በኋላ ሂሳቡን ሠራሁ። አንዱ ሲሊንደር ወደ 396 ሚሊ ሊትር ይጠርጋል። ከላይ የሚቀረው ክፍተት 58 ተኩል ገደማ። ጭመቃው 7.8 ለ 1። ለዛሬ ዘመን መኪና ትንሽ ነው። በአየር ለምትቀዘቅዝ አሮጊት ግን ደህና ነው።

ብሮንዚናው፣ ክራንኩ ካርተሩ ውስጥ የሚሽከረከርበት ስስ ማቀፊያ፣ ደግሞ ሁለት ወር በላ። የተለቃቀመ ሞተር ቅጣቱ እዚህ ይመጣል። ክራንኩ ስለተላጨ ብሮንዚናው በውስጡ 0.25 መጥበብ አለበት። ካርተሩ ደግሞ ውስጡ ስለተሰፋ ብሮንዚናው በውጩ 0.50 መወፈር አለበት። ውስጡ ጠባብ፣ ውጩ ወፍራም። ሶማሌ ተራን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠየቅን። ሁሉም ወይ ይህ አለው ወይ ያ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ የለም። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ በሻንጣው ይዞልን መጣ፣ በሕፃን ካልሲ ጠቅልሎ። ቸኮሌቱን ረስቶታል። እናቴ እስካሁን አልማረችውም።

ካርተሩን የዘጋነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሼ ከመዝጋታቸው በፊት ብሮንዚናዎቹ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመሩ። እያንዳንዱ ብሮንዚና ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ ካርተሩ ላይ ካለች ትንሽ የብረት ጥርስ ላይ የሚቀመጥ። ካርተሩ ሲዘጋ ቀዳዳው አይታይም። መስመሩ ከካርተሩ አፍ ጋር ከገጠመ ቀዳዳው ቦታውን ይዟል። ካልገጠመና ካጠበቃችሁት ጥርሷ ብሮንዚናውን ትበሳዋለች፣ የሁለት ወር ካልሲ ገደል ገባ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እያጠበቁ፣ በየመሀሉ ክራንኩን በእጃቸው ያዞራሉ። አጥብቀው ጨርሰው በአንድ ጣታቸው ገፉት። ዞረ። ድምፅ የለውም። እንደ ቅቤ።

ያኔ ነው ያጠፋሁት።

መኪናዋ ስትሠራ 6 ቮልት ነበረች። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ 12 አዙሯታል። እኔ እንግዲህ አዋቂ ሆኜ፣ ቮላኖውንም የ12 ቮልት ላድርገው ብዬ ከመርካቶ ገዛሁ። ቮላኖ ማለት ከሞተሩ ኋላ ያለችው ከባዷ ጥርሳም ጎማ ናት፤ ሞተሪኖው ነክሶ የሚያስነሳት። ተጋባች፣ ተለካች፣ ጠበቀች። ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ሁልጊዜ በሦስት ስስ ቀለበት ነው የሚስተካከለው። 0.10 አደረስነው። ኮራሁ። ሞተሩን በክሪክ አንስተን ወደ ካምቢዮው ገፋነው። ገባ። አጠበቅን። በእጅ እናዙረው ስንል አልዞረም።

እንደ ድንጋይ።

ልጁ አየኝ። ጋሼ አላዩኝም፣ ይህ ይብሳል። አውርደን ቮላኖዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የአባቴ የድሮው 109 ጥርስ አለው። እኔ የገዛሁት 130፣ ዙሪያውም ትልቅ። የ1966ቷ ካምቢዮ ደግሞ ለትንሹ ነው የተሠራችው፤ ትልቁ ውስጧን ታክኮ ይቆማል። ካምቢዮዋን በውስጥ በኩል መሞረድ ይቻላል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ጋሼ «የማይታመመውን አናክምም» ብለው እንቢ አሉ። የአባቴ ቮላኖ ተመለሰ።

ቮላኖ ተቀየረ ማለት ያ 0.10 እንደገና ይለካል ማለት ነው። መሀል ላይ ያለችው ትልቋ ዳዶም እንደገና ትጠብቃለች። 36 ቁጥር ናት። የፋብሪካው ልክ 30 ኪሎ በአንድ ሜትር ክንድ ነው። ይህን የሚችል የቶርክ ቁልፍ አልነበረንም። ጋሼ ግን ነበራቸው፤ አንድ ሜትር ቧንቧና ጆንያ አሸዋ። ጆንያውን ፋርማሲው በር ላይ ካለው የሰው ሚዛን ላይ አስቀምጠን ልክ 30 ኪሎ አደረግነው። አንዲት እናት መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ጆንያውን አዩና «ለእሱ ምን ታዘዘለት?» አሉኝ።

አንድ ጥቅም ግን ወጣ። የድሮው ቮላኖ ከድሮው የ6 ቮልት ሞተሪኖ ጋር ነው የሚሠራው። በ12 ቮልት ሲነዳ እንደ እብድ ነው የሚያሽከረክረው። ቁልፍ ከማዞራችሁ ተነስታለች።

የተነሳችው እሑድ ከሰዓት ነው። ቅዳሴ ከወጣን በኋላ፣ ሰፈሩን እንዳንረብሽ ብለን። 2.5 ሊትር ዘይት፣ ያ ብቻ ነው የምትይዘው። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን፣ ብልጭታ የሚሰጡትን፣ ፈትተን ዘይቱ እንዲሮጥ አሽከረከርናት። ካንዴላዎቹን መለስን። አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሽቦዎቹን በተራቸው እኔ ራሴ አየሁ። ቁልፉን ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ።

በሁለተኛው ተነሳች። ጭሱ! ለመገጣጠም የተቀባው ዘይት ሁሉ ሲቃጠል የሰፈሩ ሰው እሳት የተነሳ መስሎት ወጣ። አዲስ ካም ሻፍት ሲገባ ወዲያው ማጥፋት አይቻልም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ፈጠን ባለ ዙር፣ 2,000 አካባቢ፣ መሥራት አለበት፤ ካሙና የሚገፋቸው ብረቶች እስኪተዋወቁ። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። በአሥረኛው ደቂቃ ጎረቤት አያ «ምን ገዛችሁ?» አሉ። በአሥራ አምስተኛው ቡና ተፈላ። በሃያኛው ጋሼ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ጋዙን ለቀቅኩ።

ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ቆመች፣ አልጠፋችም።

አልጨረስንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቆመችበት ስትነሳ ትደናቀፍ ነበር። ጋዝ ስትረግጡ «ህእ» ትላለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። በዚህ ካርቡራተርና እኔ በገዛሁት ዲስትሪቢውተር፣ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው፣ መካከል ያለ የታወቀ ጠብ ነው። ያ 009 የሚሉት ዲስትሪቢውተር ብልጭታውን የሚያስቀድመው በፍጥነት ብቻ ነው፤ በጋዝ አረጋገጥ አይደለም። የድሮዎቹ ለዚህ የሚሆን ቫኪውም ነበራቸው። ካርቡራተሩ ቶሎ የሚረጨውን ነዳጅ ትንሽ ጨመርንለት። ቀነሰ። ጨርሶ አልጠፋም። ቫኪውም ያለው እየፈለግኩ ነው፣ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ሌላው ካንዴላው ነው። ፈትተን ስናይ እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁሯል። ነዳጅ በዝቶባታል። ጂግለሩ፣ ነዳጁን በልክ የሚያሳልፈው ቀዳዳ፣ 127.5 ነበር፤ ሜክሲኮ ሠርታ የሰጠችው። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ቀጭን ነው፤ ከባሕር ዳር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል። ነዳጁን ካልቀነሳችሁለት ይበዛበታል። ለታካሚ ክብደት ሳታዩ ያው ዶዝ እንደመስጠት ነው። ወደ 120 አወረድነው። ከሦስት ቀን በኋላ ካንዴላው የተቆላ ቡና ቀለም ያዘ። ጋሼ በዚህ ጊዜ ነው ለልጁ «ዶክተሯ ያለችውን አድርግ» ያሉት። የቀረ ሰርተፊኬት የለኝም።

ባለፈው እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ሦስታችን ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ ጋሼ አጠገቤ፣ ልጁ ከኋላ ጉልበቱን ታቅፎ። ከለገሃር ጀመርን። በአባቴ ጊዜ ጥቁር አንበሳ ጋ ሳትደርሱ ሁለተኛ ማርሽ ነበር፤ እየተነፋነፈች። አሁን ሦስተኛ ላይ ነኝ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አዙረዋል። ፖስታ ቤቱን አለፍን። ሦስተኛ። ትግላችን ሐውልት። ሦስተኛ። ዳገቱ ከፍ ሲል እጄ ለልማዱ ማርሹ ላይ ሄደ፣ ጋሼ እጄን መታ አደረጉና «ተያት» አሉ። ተውኳት። በሦስተኛ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ደረስን።

ዳር ያዝኩ። ወርጄ የኋላውን ኮፈን ከፈትኩ። ዘንጓን መዝዤ በሁለት ጣቴ ያዝኳት። ሞቃለች፣ ግን ትያዛለች። ለጋሼ ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም ያዙ።

«ሻይ ግን እንጠጣ» አልኩ።

ልጁ በሆዱ ተኝቶ ከሥር ገብቷል። «ጋሼ» አለ ከዚያው፣ «በፍሪሲዮኑ በኩል ይንጠባጠባል።»